ባለቤት ያጣ የኢንተርኔት ኬብል ከመብራት ምሰሶ ላይ እንዴት ይነሳል? አሜሪካ ላላችሁ ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ የሚኖር ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ከቤቱ ፊት ያለው ምሰሶ ላይ አንድ ጥቁር ኬብል ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል። ለኢንተርኔት ኩባንያው ሲደወል «የኛ አይደለም» ይላል። ለመብራት ኩባንያው ሲደወል «የኛ ላይኛው ነው፣ ታችኛው አይመለከተንም» ይላል። ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል፣ ኬብሉ ግን እዚያው ነው።

ያ ኬብል ሊወርድ ይችላል። ደንብ አለው። ችግሩ ደንቡ አንድ ቦታ ተጽፎ አለመቀመጡ ነው። ከፊሉ በፌዴራል ሕግ ውስጥ አለ፣ ከፊሉ በስቴት ሕግ፣ ትልቁ ክፍል ደግሞ የምሰሶው ባለቤትና የኬብሉ ባለቤት በተፈራረሙት ውል ውስጥ ነው። በስልክ ስለጮኹ ብቻ ነገሩ አያልቅም። የሚያልቀው ትክክለኛውን ባለቤት አግኝቶ፣ የምሰሶውን ቁጥር ጠቅሶ፣ በጽሑፍ በመጠየቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ የሚረዳ ነው።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው፣ ብዙ ወገን ያለው እዚያ ስለሆነ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ አትቁረጡ፣ አትሳቡ፣ መሰላል አታስደግፉ

ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። «የኢንተርኔት ሽቦ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያደርጋል።

ከኢንተርኔቱ ኬብል ከፍ ብሎ የሚያልፈው የመብራት መስመር ብዙ ሰፈር ውስጥ ከ7,000 ቮልት በላይ ነው። የወደቀ ወይም የላላ ኬብል ላይ በሆነ ቦታ ከዚያ መስመር ጋር ከተነካካ፣ እታች የያዛችሁት ጫፍ ይገድላል። የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ራሱም ባዶ አይደለም። በመንገዱ ላይ ያሉትን የሲግናል ማጉያዎች ለማንቀሳቀስ በኬብሉ ውስጥ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይላካል። ደንበኛ የሌለው መስመር ኤሌክትሪክ የለውም ማለት አይደለም።

ሌላው ውጥረቱ ነው። ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋው ኬብል ራሱን ችሎ አይደለም የቆመው። አብሮት የብረት ገመድ አለ፣ ኬብሉ በቀጭን ሽቦ እሱ ላይ ተጠምጥሟል። ያ ገመድ በከፍተኛ ኃይል የተወጠረ ነው። አንዱ ጫፍ በድንገት ሲለቀቅ እንደ ጅራፍ ይመታል፣ ምሰሶውንም ወደ ሌላው ጎን ሊጎትተው ይችላል።

ስለዚህ፦ ሙያው የሌለው ሰው ከመብራት መስመር ቢያንስ 10 ጫማ ይራቅ። መሬት የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ዓይነቱን ለመለየት አትሞክሩ። 35 ጫማ ያህል ራቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ 911 ደውሉ፣ ቀጥሎ ለመብራት ኩባንያው አሳውቁ። የኢንተርኔት መሆኑን እነሱ ይወስኑ።

የሕግም ጣጣ አለው። ኬብሉ ተትቶ ቢቀር እንኳ የሰው ንብረት ነው። የሌላ ሰው መስመር ቆርጦ መገኘት ያስከስሳል፣ የጎረቤት ስልክ ወይም የድንገተኛ ጥሪ መስመር አብሮ ከተቆረጠ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል።

ምሰሶውን ማንበብ

መንገድ ላይ ቆማችሁ ቀና በሉ። ምሰሶው ከላይ ወደ ታች ተከፋፍሏል። ጫፉ ላይ የመብራት መስመር ነው፣ ከሱ ዝቅ ብሎ እንደ በርሜል ያለው ትራንስፎርመር ሊኖር ይችላል። ከዚያ ባዶ ቦታ ይመጣል። ይህ ባዶ ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። በአሜሪካ የመብራትና የቴሌኮም መስመር ደህንነት ኮድ መሠረት በመብራትና በኮሙኒኬሽን መስመሮች መካከል በተለምዶ 40 ኢንች ክፍተት ይጠበቃል፣ የኬብል ሠራተኛው እንዳይነካ። ከዚያ በታች የኮሙኒኬሽን መስመሮች ተደርድረዋል። ብዙውን ጊዜ የስልኩ ወፍራም ኬብል ከሁሉ በታች ነው፣ የኬብል ቴሌቪዥኑና ፋይበሩ (በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን የሚሠራው መስመር) ከሱ በላይ ናቸው።

ቦታው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍሲሲ፣ ለምሰሶ ቦታ ኪራይ ስሌት የሚጠቀምበትን ቁጥር ተመልከቱ። አንድ ምሰሶ 37.5 ጫማ ርዝመት እንዳለው ይታሰባል። ከዚህ ውስጥ ሊታሰርበት የሚችለው 13.5 ጫማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የኮሙኒኬሽን ኩባንያ 1 ጫማ ይይዛል ተብሎ ይሰላል። የመብራቱንና የባዶውን ክፍተት ስትቀንሱ ለስልክ፣ ለኬብልና ለፋይበር የሚቀረው ጥቂት ነው። አንድ የሞተ መስመር 1 ጫማ ይዞ ሲቀመጥ አዲስ ፋይበር የሚዘረጋው ኩባንያ ወይ ሌሎቹን ማስጠጋት፣ ወይ ምሰሶውን በረጅም መቀየር ይኖርበታል። ወጪው ዞሮ ዞሮ ደንበኛው ላይ ነው የሚያርፈው። እኔን ይህ ጉዳይ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም።

በእርግጥ የተተወ ነው?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ቅሬታ ውድቅ የሚሆነው ሰዎች በሥራ ላይ ያለውን መስመር «የተጣለ» ብለው ስለሚያመለክቱ ነው።

የተተወ የሚመስሉ ግን ያልተተዉ ነገሮች አሉ። ምሰሶው አጠገብ ኬብሉ ላይ እንደ ቴኒስ ራኬት ያለ ሞላላ ቅርጽ ይዞ የተጠመጠመ ፋይበር ካያችሁ፣ ያ ትርፍ ነው። ምሰሶ በመኪና ተገጭቶ ፋይበሩ ቢበጠስ ለመቀጠል ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ ሁለት ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ደግሞ የፋይበር መጋጠሚያ ነው። ምንም ድምፅና መብራት ባይኖረውም ሙሉ ሰፈር በሱ ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ደግሞ ትክክለኛ ምልክቶቹ። ከምሰሶው ወደ ቤት የሚመጣው ቀጭን ኬብል ቤቱ ዘንድ ተቆርጦ ጫፉ በአየር ላይ ከሆነ። ወፍራሙ ኬብል ምሰሶው ላይ ደርሶ ወደ ቀጣዩ ሳይሻገር ተቆርጦ ከቀረ፣ የተቆረጠውም አፍ ሳይታሸግ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ወይም መዳብ ከታየ። በብረት ገመዱ ላይ የጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ተፈትቶ ኬብሉ ሆዱን ጥሎ ከተንጠለጠለ። ምሰሶው ላይ ያለው የብረት ሳጥን በሩ ተከፍቶ ባትሪው ከወጣ። ሳጥኑ ላይ ትንሽ መብራት ከበራ ወይም ዝቅ ያለ እዝዝታ ከተሰማ ግን አልሞተም።

ለማነጻጸር ያህል፣ በሕንፃ ውስጥ ላለ ሽቦ የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ (ከላይ ከጠቀስኩት የደህንነት ኮድ የተለየ ነው) ከ2002 ዕትም ጀምሮ ግልጽ መስፈርት አለው። ሁለት ጫፉ ከመሣሪያ ጋር ያልተያያዘ፣ «ለወደፊት ይፈለጋል» የሚል ምልክትም ያልታሰረበት የኮሙኒኬሽን ኬብል እንደ ተተወ ይቆጠራል፣ የሚደረስበት ክፍል መነሳት አለበት። ይህ ምሰሶ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ከፍታችሁ ጣራው ውስጥ የድሮ ተከራይ ኬብል ብታገኙ ግን ይጠቅማችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በጣም ያረጀ፣ ደብዛዛ ግራጫ፣ ከባድ የስልክ ኬብል ካያችሁ ሽፋኑ እርሳስ ሊሆን ይችላል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እንዲህ ዓይነት ኬብል ይዘረጋ ነበር። በ2023 የተተዉ የእርሳስ ኬብሎች ጉዳይ በአገር ደረጃ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኗል። ከሥሩ ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ ይህንን በደብዳቤያችሁ ላይ ለይታችሁ ጻፉ።

ባለቤቱን ማግኘት

ሁለት ባለቤት አለ፣ የምሰሶውና የኬብሉ። ሁለቱንም ፈልጉ።

የምሰሶው ይቀላል። በሰው ቁመት አካባቢ የተቸነከረ ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሰሌዳ ይኖራል። ቁጥርና አንዳንዴ የኩባንያው ስም ወይም ምሕጻር ይገኝበታል። በዲሲ አካባቢ ምሰሶው የመብራት ኩባንያው፣ ለምሳሌ የፔፕኮ ወይም የዶሚኒየን፣ ወይም የስልክ ኩባንያው የቬራይዘን ሊሆን ይችላል። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ምሰሶ የአንዱ፣ ቀጣዩ የሌላው ሆኖ ይገኛል። ሁለት ሰሌዳ ካለ ሁለቱንም ፎቶ አንሱ።

የኬብሉ ደግሞ እንዲህ ነው። ኬብሉ ምሰሶው ጋ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ባለቀለም የፕላስቲክ መለያ ይጠመጠምበታል፣ ላዩ ላይ የኩባንያ ስምና ስልክ አለ። በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ አንሱ። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ፊደሉ ይነበባል።

የምታነቡት ስም የማታውቁት ሊሆን ይችላል። ያ መጥፎ ዜና አይደለም። ኩባንያ ሲሸጥ ምሰሶ ላይ ያለው ንብረትና ግዴታው አብሮ ለገዢው ይተላለፋል። «ቼሳፒክ ኤንድ ፖቶማክ» ወይም «ቤል አትላንቲክ» የሚል ካያችሁ ዛሬ ቬራይዘን ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ «ሚዲያ ጄኔራል ኬብል» የሚል ከሆነ በ1999 ለኮክስ ተሽጧል። ዲሲ አካባቢ «ስታርፓወር» የሚለው ወደ አርሲኤን፣ አርሲኤን ደግሞ ወደ አስታውንድ ሄዷል። «አዴልፊያ» በ2002 ከስሮ ንብረቱ በ2006 ለኮምካስትና ለታይም ዋርነር ኬብል ተከፋፍሏል። ደውላችሁ «እኛ አይደለንም» ሲሏችሁ ይህንን ሰንሰለት መጥቀስ ንግግሩን ይቀይረዋል።

መለያ ከሌለውስ? ያኔ ጥያቄው የምሰሶው ባለቤት ይሆናል። ማን ምን እንዳሰረና ማን ኪራይ እንደሚከፍል መዝገቡ እሱ ጋ ነው። በየጊዜው ቆጠራም ያደርጋል። ጥያቄውን «ኬብሉ የማን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በዚህ ቁጥር ምሰሶ ላይ የኪራይ ውል ያላቸው እነማን ናቸው?» በሉ። ስልክ የሚያነሳው ሰው መልሱን ላያውቅ ይችላል። የምሰሶ የጋራ አጠቃቀም ክፍል የሚባል አላቸው፣ ወደዚያ አስተላልፉልኝ በሉ።

የትኛው ሕግ ነው የሚገዛው?

መነሻው በ1978 የወጣው የምሰሶ ትስስር ሕግ፣ ማለትም በሌላው ምሰሶ ላይ መስመር ስለማሰር የሚደነግገው ነው። በሱ መሠረት ኤፍሲሲ የግል ኩባንያ በሆኑ ምሰሶዎች ላይ የኪራዩን ዋጋና ሁኔታ ይቆጣጠራል። ስቴቶች ግን «እኛ ራሳችን እንቆጣጠራለን» ብለው ማስታወቅ ይችላሉ፣ ያን ጊዜ የኤፍሲሲ ቦታ በስቴቱ ኮሚሽን ይተካል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒውዮርክ፣ ኦሃዮና ፔንሲልቬንያ እንዲህ አድርገዋል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስ፣ ሚኒሶታና ኮሎራዶ በኤፍሲሲ ሥር ናቸው። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ምሰሶና ከድንበሩ ማዶ ዲሲ ውስጥ ያለ ምሰሶ የመብራት ኩባንያቸው አንድ ሆኖ ሕጋቸው ሌላ ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ምሰሶው የከተማ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ይህ የፌዴራል ሕግ አይነካውም። የሲያትል የመብራት ድርጅት ሲያትል ሲቲ ላይት የከተማው ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ኖቬክ፣ በደቡብ ሜሪላንድ ስሜኮ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። እዚያ ጉዳዩን የሚወስኑት የስቴት ሕግና የራሳቸው መመሪያ ናቸው። ማኅበር ከሆነ እናንተ ደንበኛ ብቻ ሳትሆኑ አባል ናችሁ፣ ለቦርዱ መጻፍ ትችላላችሁ። ከተማ ከሆነ የምክር ቤት አባላችሁ አለ። እነዚህ ሁለቱ መንገዶች ከኤፍሲሲ ይልቅ ሲፈጥኑ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ኤፍሲሲ «የተተወ ኬብል በዚህን ያህል ቀን ይነሳ» የሚል አጠቃላይ የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። የሚገድበው በምሰሶው ባለቤትና በኬብሉ ባለቤት መካከል ያለው ውል ነው። በእነዚህ ውሎች የተለመደው አንቀጽ እንዲህ ይሄዳል፦ መስመሩን መጠቀም ያቆመ ኩባንያ ያሳውቃል፣ በተወሰነ ጊዜ ያነሳል፣ ካላነሳ የምሰሶው ባለቤት አንስቶ ወጪውን ያስከፍላል። አንዳንዱ ውል ለዚህ ሲባል አስቀድሞ ዋስትና ያስይዛል።

የምሰሶው ባለቤትም ቢሆን ብድግ ብሎ መቁረጥ አይችልም። በኤፍሲሲ ደንብ፣ በውሉ ምክንያት የሌላውን መስመር ከማንሳቱ በፊት የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ማስታወቂያው የደረሰው ኩባንያ በ15 ቀን ውስጥ እግድ መጠየቅ ይችላል። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? «60 ቀን ይፈጃል» ሲሏችሁ እያመላለሷችሁ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በ61ኛው ቀን ደግሞ ደውላችሁ «ማስታወቂያው መቼ ተላከ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማስታወቂያው ጭራሽ አልተላከም ከሆነ መልሱ፣ ቆጠራው አልተጀመረም ማለት ነው።

አንድ ቀዳዳም አለ። የፌዴራሉ ሕግ የሚጠቅሰው የኬብል ቴሌቪዥንና የቴሌኮም ኩባንያዎችን ነው። ኢንተርኔት ብቻ የሚሸጥ ትንሽ ኩባንያ በዚህ ሕግ ጥበቃ ሥር አይገባም። እንዲህ ያለው ኩባንያ ጥሎት የሄደ ኬብል ከሆነ የምሰሶው ባለቤት እጅ የታሰረው በውሉ ብቻ ነው።

ደብዳቤው

በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ አጭር ይሁን። የሚከተለውን ሐሳብ ይያዝ፦

«በዚህ አድራሻ ፊት ለፊት፣ ቁጥሩ ይህ በሆነ ምሰሶ ላይ፣ ተቆርጦ የቀረ ኬብል አለ። ከመሬት ያለው ከፍታ በግምት ይህን ያህል ነው፣ የሚያልፈውም በመኪና መግቢያ ላይ ነው። መለያው ላይ ያለው ስም ይህ ነው። ፎቶዎች ተያይዘዋል። ኬብሉ የናንተ ከሆነ እንድታነሱት፣ ካልሆነ ያልሆነበትን በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ፣ የቅሬታ ቁጥርም እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።»

«ያልሆነበትን በጽሑፍ» የምትለዋን አትተዉ። በስልክ «የኛ አይደለም» ማለት ቀላል ነው። በጽሑፍ ለማለት ግን አንድ ሰው መጥቶ ማየት አለበት።

ከፍታውን ስትጠቅሱ ደንቡን አስታውሱ። በደህንነት ኮዱ፣ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ የሚሻገር የኮሙኒኬሽን ኬብል በተለምዶ ቢያንስ 15.5 ጫማ ከፍ ማለት አለበት፣ እግረኛ ብቻ በሚያልፍበት 9.5 ጫማ። ከዚያ ዝቅ ካለ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ ዝቅተኛ ኬብል» ብላችሁ ጻፉ። ተራ ቅሬታ ወረፋ ይጠብቃል፣ የደህንነት ቅሬታ ግን ለብቻው ይታያል። መለኪያ ሜትር ይዛችሁ ለመለካት አትሞክሩ። ከታች ሰው ወይም መኪና ቆሞ ፎቶ ማንሳት ለግምት ይበቃል።

ፎቶው ሦስት ዓይነት ይሁን፦ ምሰሶው ከነሰፈሩ፣ ቁጥሩ በቅርብ፣ ችግሩ በቅርብ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ለኬብሉ ባለቤት ላኩ፣ በዚያው ቀን ግልባጩን ለምሰሶው ባለቤት። ሁለት ሳምንት ካለፈ ለካውንቲው ወይም ለከተማው። የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያ በመንገድ ላይ መስመር የሚዘረጋው ከአካባቢው መንግሥት ፈቃድ ወስዶ ነው፣ ስለዚህ የሚሰማው አለቃ እዚያ አለ። እንደ ሞንትጎመሪ ያሉ ካውንቲዎች ለዚህ ጉዳይ የራሳቸው ቢሮ አላቸው። በዲሲ ደግሞ የኬብል ቴሌቪዥን፣ የፊልም፣ የሙዚቃና የመዝናኛ ቢሮ ነው የሚከታተለው።

አሁንም ካልሆነ ወደ ላይ ውጡ። የኢንተርኔት፣ የስልክ ወይም የኬብል ኩባንያ ከሆነ ለኤፍሲሲ መደበኛ ያልሆነ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጠበቃም አያስፈልግም፣ በድረ ገጻቸው ይሞላል። ቅሬታው ለኩባንያው ሲደርሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። የመብራት ኩባንያው ካስቸገረ ግን ኤፍሲሲ ለግለሰብ ቦታው አይደለም። የስቴቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ጋ ሂዱ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ይባላል።

ዲሲ ላላችሁ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ወይም የመብራትና የስልክ ደንበኞችን ለሚወክለው የሕዝብ ጠበቃ ቢሮ ስትደውሉ «አማርኛ» ብቻ በሉ፣ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ነፃ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ልጅ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ራሳቸው ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ። ለሚያውቋቸው ንገሩልኝ።

ሁለት ምሰሶ አንድ ላይ ቆሞ ሲቀር

አዲስ ምሰሶ ተተክሎ የድሮው ግማሽ አካሉ ተቆርጦ አጠገቡ ሲንጠለጠል አይታችኋል። የዚህ ምክንያት ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መብራቱ ወደ አዲሱ ይዛወራል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱ ኩባንያ በተራው። አንዱ ከዘገየ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። የተተወ መስመር ካለ ደግሞ ተራው የማንም አይሆንም፣ ተከራይ ወጥቶ ዕቃው እንደቀረበት ክፍል ይሆናል።

ብዙ ኩባንያዎች ተራውን የሚከታተሉበት ኤንጀንስ የሚባል የጋራ ሲስተም አላቸው። ስትደውሉ «ለዚህ ምሰሶ የማዛወሪያ ቲኬት ተከፍቷል? አሁን ተራው የማን ነው?» በሉ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ብዙ አይደለም፣ ሰሚውም ነቃ ይላል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ከሆናችሁ ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። አዲስ ምሰሶ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ መስመሮቹ ተዛውረው የድሮው መነሳት እንዳለበት ተጽፏል።

አዲስ ፋይበር ወደ ሰፈር ሲገባ

ለማስነሳት ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ይህ ነው። አዲስ ኩባንያ ከመግባቱ በፊት ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ይጠናሉ። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ረጅም መለኪያ ይዘው ምሰሶ ሥር ሲቆሙ ካያችሁ ጥናቱ ላይ ናቸው። ያን ሳምንት ለምሰሶው ባለቤትም ለአዲሱ ኩባንያም ጻፉ። አዲሱ ኩባንያ ቦታውን ይፈልገዋል፣ ስለዚህ ከናንተ ጋር ይገፋል።

በ2018 ኤፍሲሲ ያወጣው ደንብ እዚህ ይረዳል። ቀላል የሆነውን የማስተካከል ሥራ አዲሱ ኩባንያ በአንድ ጊዜ በራሱ ኮንትራክተር እንዲሠራው ፈቅዷል፣ እያንዳንዱ ኩባንያ በየተራው እስኪመጣ ሳይጠበቅ። ቀድሞ ለነበረ ጥሰት አዲሱ ኩባንያ እንደማይጠየቅም አስቀምጧል። ማለትም የድሮውን ጥፋት ማስተካከያ ለአዲሱ ጫን ብሎ ማስከፈል አይቻልም። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለብሮድባንድ (ለፈጣን ኢንተርኔት) ዝርጋታ ፕሮግራም 42.45 ቢሊዮን ዶላር መድቧል፣ ስለዚህ በገጠሩ አካባቢ የምሰሶ ቦታ ጥያቄ ገና ይበረታል።

ከምሰሶ ወደ ቤት የመጣው ሽቦ

ይህኛው አጭር ነው። ከምሰሶው እስከ ቤታችሁ ውጪ ግድግዳ ያለው የኩባንያው ነው፣ ከግድግዳው ወደ ውስጥ ያለው በመሠረቱ የናንተ። የኬብል ቴሌቪዥን ሲሆን መለያው ነጥብ ሽቦው ወደ ቤት ከሚገባበት 12 ኢንች ያህል ወጣ ብሎ ነው የሚቆጠረው። ውስጡን እንደፈለጋችሁ አድርጉ። ውጪውን ግን ኩባንያው ያንሳው።

አገልግሎት ስታቋርጡ በዚያው ጥሪ ላይ «ከምሰሶ የመጣውም ሽቦ ይነሳልኝ» ብላችሁ ትእዛዝ አስከፍቱና ቁጥሩን ተቀበሉ። ደንበኛ ሆናችሁ የምትጠይቁትና ከወጣችሁ በኋላ የምትጠይቁት አንድ አይደለም። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የምትዘጉ ከሆነ ይህን ከቁልፍ ርክክቡ በፊት አድርጉ፣ አለዚያ አከራዩ ከመያዣችሁ ላይ ሊቆርጠው ይችላል። ተከራይ ከሆናችሁ ጥያቄው በቤቱ ባለቤት ስም ቢሄድ ይሻላል።

ሠራተኞቹ ሲመጡ

መኪናችሁን ከምሰሶው ሥር አንሱ፣ ውሻ ካለ እሰሩ። ጓሮ ውስጥ ያለ ምሰሶ ከሆነ በሩን ክፈቱ። የኩባንያዎቹ የመተላለፊያ መብት በብዙ ቦታ በቤቱ ሰነድ ላይ ተመዝግቧል፣ መከልከል ሥራውን ከማዘግየት ውጪ ፋይዳ የለውም።

ሥራው በትክክል ሲሠራ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው ይለካል። ከዚያ ወደ ቤቶች የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ይወርዳሉ፣ ኬብሉ ከብረት ገመዱ ይፈታል፣ ገመዱ በመወጠሪያ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይላላል። ምሰሶውን ወደ መሬት የሚደግፈው ሰያፍ ገመድ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው፣ የሌላ ኩባንያ መስመር የሚደግፍ ከሆነ ጨርሶ አይነካም። የሰያፍ ገመዱን የመሬት ውስጥ መልሕቅ ለማውጣት የሚቆፈር ከሆነ ቁፋሮው አስቀድሞ በ811 መመዝገብ አለበት።

ከመሄዳቸው በፊት ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ሣሩ ውስጥ የቀሩ የቀጭን ሽቦ ቁርጥራጮች የሣር ማጨጃ ማሽንን ያበላሻሉ፣ የልጅ እግርም ይወጋሉ። ምሰሶው ላይ ባዶ ብሎንና መያዣ ቀርቶ እንደሆነ ጠይቁ። ግድግዳችሁ ላይ የነበረው መንጠቆ ከወጣ ቀዳዳው ይታሸግ፣ ውሃ ይገባበታል። ከድሮው የኬብል ሳጥን ጋር የተያያዘ የመሬት ሽቦ ካለ ከመቆረጡ በፊት ሌላ አገልግሎት በሱ ላይ አለመንጠልጠሉን አረጋግጡ፣ ጎን ለጎን ያለ ፋይበር ወይም ስልክ ሊጋራው ይችላል።

የጨረሱትን ምሰሶ ፎቶ አንሱና በቅሬታ ቁጥሩ ላይ «ተነስቷል፣ ይዘጋ» ብላችሁ ጻፉ። ግማሽ ብቻ ወርዶ ከሆነ ግን ቅሬታው እንዳይዘጋ በዚያው ቀን አሳውቁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከተዘጋ አዲስ ቁጥር ተከፍቶ ነገሩ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው።